ከሳህኑ ሥር የተጻፈው ስም

ቅናት መቼም ዓይነቱ ብዙ ነው። በጣውንቷ የምትቀና አለች፤ በጎረቤቱ በሬ የሚቀና አለ፤ ሰው ሲያልፍለት እንቅልፍ የሚያጣም ሞልቷል። እኔ የቀናሁት በሳህን ነው። ሳቁ ግድ የለም፤ ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።

ሸክላ ሠሪ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ገበያ ድስቴን የሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርገዋል። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደኅና ነው፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድምፁ ከታፈነ ተሰንጥቋል፣ ይመለሳል። ስሜን የጠየቀኝ ገዢ ግን የለም። ምን ሊያደርግለት? «ቡዳ ናት» ካሉ በቂ ነው። በድስቴ ወጣቸውን ይሠራሉ፤ ልጃቸውን ከዓይኔ ይሸሽጋሉ። ድስቱ ንጹሕ፣ ዓይኔ እርኩስ!

ታዲያ በከተማው አዳራሽ የጣሊያን የገበታ ሸክላ ኤግዚቢሽን ተከፈተ ሲባል ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድሁ። ወይ ጉድ! ሎሚ የተሣለበት ሳህን፣ ሰማያዊ ሐረግ የዞረበት ጎድጓዳ። እሰየው፣ እጃቸው ይባረክ። አንጀቴን ያሳረረው ከየሳህኑ ሥር ያለው ወረቀት ነው፤ የሠሪው ስም፣ የአባቱ ስም፣ አገሩ። እኔስ ያቦካሁት ጭቃ አይደለም እንዴ? ጭራሽ «አትንኩ» የሚልም ለጥፈውበታል። የእኔን ድስት አገር ሁሉ እያንኳኳው!

ቀናሁ። እንዲህ ቀንቼ አላውቅም።

እጅ አመሉን አይተውም፤ አውራ ዶሮ የተሣለበትን ትልቁን ሳህን ኳ አደረግሁት። ድምፁ ታፍኗል። ያ ሁሉ ጌጥ ተሸክሞ ተሰንጥቋል! በልቤ ጮቤ ረገጥሁ። ይኼኔ አዘጋጇ እትዬ ስንዱ፣ «ሳህን ካልተበላበት ምኑን ሳህን ሆነ፤ ለክብር እንግዳችን ለመምሬ ትኩስ ሽሮ በዚህ በባለዶሮው አቅርቡላቸው» ሲሉ ሰማሁ። ዝም ብል የሚንተከተከው ሽሮ የሽማግሌ ጭን ላይ ሊፈስ ነው፤ ብናገር «በዓይኗ ሰነጠቀችው» ልባል ነው። ቅናቴ «ዝም በይ» አለኝ። ጥቂት ሰማሁት፤ አልዋሽም።

«እትዬ ስንዱ፣ በዚህስ አያቅርቡ፤ ተሰንጥቋል» አልኋቸው።

ሳህኑን ዞር ብለው አላዩትም። እኔን ነው ያዩ። «በስመአብ! ከፊቷ አንሡልኝ!» ብለው በነጠላቸው ሸፈኑት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ወደ ጓዳ ወስደው ሽሮውን ገና ሲገለብጡበት ጧ! አለና ለሁለት። ደግነቱ መምሬ ዘንድ አልደረሰም። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ስብርባሪውን ያየ አንድም ሰው የለ።

በማግስቱ ከገበያ ስመለስ አላስችል ብሎኝ በአዳራሹ መስኮት አጮለቅሁ። ሳህኑ የለም፤ ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው። ከጣሊያናዊው ስም ሥር አንዱ በእስክሪብቶ ጨምሮበታል፦ «የሰበረችው፦ ጥሩወርቅ ደሴ፣ ከቡሬ።»

ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ አገሬ፤ አንዲት ፊደል አልተሳሳቱም። ለካ ያውቁኝ ኖሯል።