የአቶ ዱዴክ ማሊያ ጀርባ

ቤዝቦል የበጋ ጨዋታ ነው የሚል ሰው፣ ከእንዲህ ያለ ሰው በላይ ባለው ፎቅ ተከራይቶ ኖሮ አያውቅም። እንዲህ ያለ ስል ማንን ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በየሰፈሩ አንድ እንዲህ ያለ ደጋፊ አለ። ቡድኑ የእርሱ ነው። ባለሀብቱ የገዛው በስህተት ነው፤ አሠልጣኙ የተቀጠረው እርሱ ሳይጠየቅ ነው፤ ተጫዋቾቹም ሲመጡና ሲሄዱ ደጁ ላይ ቆመው እጅ ሊነሱት ይገባ ነበር። በበጋ እንኳ ይቻላል፤ ጨዋታ ስላለ ይጮኻል፣ ይወጣለታል። የማይቻለው በረዶው ወርዶ ሜዳው ሲዘጋ ነው። ያን ጊዜ ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾች ለፈለጉት ቡድን ለመፈረም ነፃ ይሆናሉ፤ እኛ ደግሞ ከእርሱ ነፃ የምንሆንበት መንገድ ይጠፋናል።

የእኛ ሰፈር ድርሻ ክቡር አቶ ካዝሚር ዱዴክ ናቸው። በአሜሪካዋ ባፋሎ ከተማ ካይዘርታውን በሚባለው ሰፈር፣ ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት አላቸው፤ ታች እርሳቸውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ብሮኒያ፣ ላይ እኔ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ቀኑን ሙሉ በልጆች ጫጫታ ጆሮዬ ደንቁሮ ቤቴ የምገባው ጸጥታ ፍለጋ ነው፤ የማገኘው ግን ከወለሌ ሥር የሚንጫጫውን የስፖርት ሬዲዮ ነው። አድማጮች እየደወሉ ሐሳብ የሚሰጡበት ፕሮግራም አለ። የአቶ ዱዴክን ድምፅ ሁለት ጊዜ እሰማዋለሁ፤ አንዴ በወለሉ በኩል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በራሴ ሬዲዮ። የእኔም ሬዲዮ ለምን እዚያው ጣቢያ ላይ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

«ካዝ ነኝ፣ ከካይዘርታውን።»

«አውቀንዎታል፣ ካዝ» ይላል ጋዜጠኛው በደከመ ድምፅ።

«በቃኝ። ዘንድሮስ በቃኝ። ወንበሬን እመልሳለሁ።»

ወንበር የሚሉት ስታዲየሙ ውስጥ ሦስተኛው ቤዝ በሚባለው የሜዳው ማዕዘን በኩል ያሉትን ሁለት የዓመት መቀመጫዎች ነው። አንዱ የወይዘሮ ብሮኒያ ነበር። ዳሌያቸው የስታዲየሙን ደረጃ እምቢ ካለ ወዲህ የምቀመጥበት እኔ ነኝ። ስለዚህ ክቡርነታቸው ወንበሬን እመልሳለሁ ብለው በሬዲዮ ሲዝቱ፣ የእኔንም ሳያማክሩኝ እየመለሱት ነው። አልፈልግም ካሉ ወይም ጥር እስኪያልቅ ደውለው ካላደሱት ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል፤ አንዴ ከተሰጠ ደግሞ በሕይወት እያሉ አያገኙትም። በየዓመቱ ይዝታሉ፣ በየዓመቱ ቆሽቴ ያርራል፣ በየዓመቱ በመጨረሻው ሰዓት ይደውላሉ።

ቡድናችን ስተርጀንስ ይባላል፤ የተሰየመው በሐይቃችን ዓሣ ነው። ዓሣው መልከ ጥፉ ሆኖ ከሐይቁ ወለል ላይ እየተሳበ ይኖራል፤ ቡድኑም ከስሙ ጋር ተስማምቶ ነው የኖረው። ባለቤቱ ሚስተር ፔምበርተን የፍራሽ ነጋዴ ነው። በረዶው በወረደ ቁጥር ምርጡን ተጫዋቻችንን ያሰናብትና ዐይኑን በጨው አጥቦ ቴሌቪዥን ላይ ይቀርባል። «ከደጋፊዎቻችን ትዕግሥት እንጠይቃለን» ይላል። ፍራሽ የሚሸጥ ሰው ሌላውን እንዲተኛ መምከሩ አይገርምም፤ እኔን የሚያናድደኝ ክራቫቱ ላይ ያለችው የዓሣ ምስል ናት።

አሁን ወደ ማሊያው ልምጣ። አቶ ዱዴክ ያላቸው ማሊያ አንድ ነው። ሌላው ደጋፊ ጀርባው ላይ ስሙን ያስጻፈው ተጫዋች ሲሄድበት አዲስ ማሊያ ይገዛል። እርሳቸው ግን «ለከሃዲ ብዬ ሁለተኛ አልገዛም» ብለው፣ በሄደው ሰው ስም ላይ ወፍራም ግራጫ ፕላስተር ይለጥፉና በላዩ የአዲሱን ሰው ስም በጥቁር ማርከር ይጽፋሉ። እርሱም ይሄዳል። ሃልቨርሰን ስሙ በተጻፈ በሳምንቱ ተሸጠ። ኪስነር ውሉ ሲያልቅ ዞር ብሎም አላየን። ትሬሜይን የሄደው ማርከሩ ሳይደርቅ ነው። ፕላስተሩ በፕላስተር ላይ እየተደረበ የማሊያው ጀርባ እንደ ጣውላ ደርቋል፤ ወለል ላይ ቢያቆሙት ይቆማል። ወይዘሮ ብሮኒያ ሊያጥቡት አይሞክሩም፤ ማሽን ውስጥ ቢገባ የሚጎዳው ማሽኑ ነው ይላሉ።

ሰፈሩ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ዱዴክ ስሙን የጻፉት ሰው ይሄዳል ብሎ ደመደመ። ፀጉር አስተካካዩ ሌሮይ አንድ ቀን «ታዲያ ለምን የፔምበርተንን ስም አይጽፉም?» አላቸው። አቶ ዱዴክ ፀጉራቸው ግማሹ ተቆርጦ፣ ግማሹ ሳይቆረጥ ቆዩና አሰቡበት። «የዚያ ሰውዬ ስም ጀርባዬ ላይ ከሚያርፍ ቡድኑ ሐይቁ ውስጥ ቢሰምጥ ይሻለኛል» አሉ በመጨረሻ።

አሪስቲደስ ሳልሴዶ ሲመጣ ታዲያ ስሙን አልጻፉም። ሳልሴዶ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ወርዋሪው የሚለቅለትን ኳስ የሚቀበል፣ ካቸር የሚሉት ነው። ሙሉውን ጨዋታ ቁጢጥ፣ ብድግ፣ ቁጢጥ፣ ብድግ። በሚያዝያ ብርድ ጣቱ በኳስ ተመትቶ ጥፍሩ ሲነቀል፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረግ አድርጎ ተመልሶ ቁጢጥ አለ። አቶ ዱዴክ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ወለል ሲያነጥፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው በጉልበት ነው ስል ተንበርክከው፣ በጉልበታቸው ላይ ማለቴ ነው። አሁን ከወንበር ሲነሱ ጉልበታቸው እኔ ፎቅ ድረስ ይንቋቋል። «ያን ልጅ እዪው» ይሉኝ ነበር ሜዳ ላይ። «ሌላው ኳስ ይጫወታል፤ እሱ ይሠራል።» ማሊያቸው ግን ትሬሜይን ከሄደ ጀምሮ ጀርባው ባዶ ፕላስተር ነው። ዓመታት አለፉ፤ ሳልሴዶ ቆየ፤ ማርከሩ መሳቢያ ውስጥ ደረቀ።

ዘንድሮ የሳልሴዶ ውል አለቀ። እኛም አለቀልን።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ? በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የዓርቡን ዓሣ የምንበላው ተሰልፈን ነው። አቶ ዱዴክ ሳህናቸውን ዘርግተው፣ ጭልፋ የያዘችውን ሴትዮ «የሦስት ዓመት ውል ይሰጠዋል ወይስ አይሰጠውም?» ብለው ጠየቋት። ሴትዮዋ ቤዝቦል አታይም። ይህን ስትነግራቸው፣ እኛ ከኋላ ተሰልፈን ዓሣው እየበረደ፣ እርሳቸው ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዷት። በረዶ ስንዝቅ ደግሞ አካፋቸውን ይተክሉና ይደገፉታል፤ የባለሀብቱ ኃጢአት ተዘርዝሮ ሲያበቃ ያልተነካው በረዶ ሁልጊዜ የሚገኘው መኪናዬ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ይቅር ብል፣ የማሞቂያውን ነገር ይቅር አልልም። ከባዱ ብርድ በገባበት ሳምንት የቤቱ ማሞቂያ ተበላሸ። ሠራተኛው መሣሪያውን ተሸክሞ መጣ። አቶ ዱዴክ የምድር ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ ገና ጫማውን ሳይጠርግ፣ ስለ ሳልሴዶ ምን እንደሚያስብ ጠየቁት።

«እሱማ ይሂድ እንጂ» አለ ሰውየው ምስኪኑ። «ጉልበቱ አልቋል።»

«የማን ጉልበት ነው ያለቀው?»

«የሳልሴዶ። ያረጀ ካቸር ምን ይሠራል?»

«ውጣ።»

«ማሞቂያውስ?»

«ውጣልኝ ከቤቴ።»

ሌላ ሠራተኛ እስኪገኝ ካፖርቴን ለብሼ ተኛሁ። ጠዋት ደረጃው ላይ ስንገናኝ ቱግ አልኩ። «ሚስተር ዱዴክ፣ እርስዎ ያበዱት አንሶ እኔን በብርድ ሊገድሉኝ ነው?» አልኳቸው።

«ማርሴላ፣ አንቺ ብትሆኚ ታስገቢው ነበር?»

«አዎ። አስገብቼው፣ አሠርቼው፣ ከዚያ አባርረው ነበር።»

ወይዘሮ ብሮኒያ ከውስጥ ሳቁ። ክቡርነታቸው ግን ይህ መንገድ ቀድሞ ስላልታያቸው ነው መሰለኝ፣ ቀኑን ሙሉ አኩርፈው ዋሉ።

የገና ዋዜማ ራት ሁልጊዜ ታች ነው የምበላው። ዱዴኮች ዘራቸው ከፖላንድ ነው፤ በደንባቸው ማዕዱ ላይ ለድንገተኛ እንግዳ ትርፍ ሳህንና ወንበር ይቀመጣል፤ ምግቡ ከመነካቱ በፊትም ስስ ነጭ ቂጣ ይያዝና አንዱ ከሌላው ላይ እየቆረሰ መልካም ይመኛል፣ ቂም ያለውም ይቅር ይላል። ሬዲዮ በወይዘሮ ብሮኒያ ትእዛዝ ተዘግቷል። አቶ ዱዴክ ትርፉን ወንበር በእጃቸው ጠረጉት።

«ሳልሴዶ ድንገት ቢመጣ» አሉ፣ እየቀለዱ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ። ማየት አልነበረብኝም፤ አየሁት። ቀና ስል አቶ ዱዴክ ቂጣቸውን እንደያዙ ፊቴን ያነባሉ።

«ፈረመ?»

«ፈረመ።»

«የት?»

«ምዕራብ። ሀብታሞቹ ጋ። አራት ዓመት።»

«የእኛዎቹስ ምን አሉት?»

መዋሸት ሲገባኝ እውነቱን ተናገርኩ። «አንድ ዓመት ነው ያቀረቡለት» አልኩ።

ስድብ ጠበቅኩ። ስድብ ቢሆን ጥሩ ነበር። ተነሡ፤ ጉልበታቸው ተንቋቋ፤ ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ትንሽ ቆይቶ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ መጣ፤ ፕላስተር ከጥቅሉ ሲላቀቅ የሚያሰማው። ባዶ ጀርባ ላይ ደግሞ ምን ሊሸፍኑ ነው ብዬ ልነሣ ስል ወይዘሮ ብሮኒያ ክንዴን ያዙኝ።

«ተዪው» አሉ። «ይለጥፍ። የሾርባውን ክዳን መልሺበት።»

አቶ ዱዴክ ማሊያውን ይዘው ተመለሱና ለትርፉ ወንበር አለበሱት። አዲስ ፕላስተር ተለጥፏል። በላዩ፣ ከየት እንዳመጡት በማላውቀው አዲስ ማርከር፣ ሳልሴዶ የሚል ተጽፏል። መጀመሪያ ላይ ፊደሉን አግዝፈውት ኖሮ መጨረሻው ቦታ አጥቶ ተጨፍልቋል።

«ሚስተር ዱዴክ፣ ሄዷል እኮ» አልኳቸው።

«ስለ ሄደ ነዋ። አሁን ስሙን ብጽፍ ምን እጎዳዋለሁ?»

ከቂጣቸው ቆረሱና ባዶው ሳህን ላይ አኖሩ። «ያንን ጉልበቱን አደራ» አሉ። ከዚያ እኔ ዘንድ መጥተው ከቂጣዬ ቆረሱ፣ ስለ ማሞቂያውም ይቅርታ ጠየቁኝ። ፔምበርተንን ግን ይቅር እንዲሉ ወይዘሮ ብሮኒያ ቢጎተጉቷቸውም እምቢ አሉ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ስመኘው የኖርኩት ጸጥታ መጣና አልወደድኩትም። ሬዲዮው አይከፈትም። ካዝ ከካይዘርታውን አይደውሉም። በረዶውን ያለ ንግግር ዝቀው ይገባሉ፤ መኪናዬንም ጭምር። በቃኝ ሲሉ እንደማይበቃቸው አውቃለሁ፤ አሁን ግን በቃኝ አላሉም። ጥር እየተገባደደ ነው። ስለ ወንበሩ ስጠይቅ ወይዘሮ ብሮኒያ ትከሻቸውን ሰበቁ። «ስልኳን ያያትና ያልፋታል» አሉኝ። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው።

አንድ ምሽት ድስት እያጠብኩ ያንን ፕሮግራም እሰማለሁ። አንዱ ደዋይ ተነሣና ሳልሴዶ በመሄዱ እንኳን ደስ አላችሁ አለ። ጉልበቱ ያለቀ ሰው ነው አለ። ፔምበርተን ዘንድሮ ብልጥ ሆኗል አለ። የሆንኩትን አላውቅም፤ በሳሙና እጄ ስልኩን አንሥቼ ደወልኩ።

«ማርሴላ ነኝ፣ ከካይዘርታውን» አልኩ። «አሁን የደወለው ሰውዬ ቁጢጥ ብሎ ያውቃል? እስቲ አሁን ቁጢጥ ይበልና ዜናው እስኪያልቅ ይቆይ። ትዕግሥት አለን፤ እንጠብቀዋለን። ፔምበርተን የአንድን ሰው ዕድሜ እንደ አሮጌ ፍራሽ መንገድ ላይ አውጥቶ ጣለ፤ ያ ደግሞ ያጨበጭብለታል። በቃኝ። ዘንድሮስ በቃኝ።»

ጋዜጠኛው ሊያቋርጠኝ ሲል ከወለሌ ሥር ጓ፣ ጓ የሚል ተሰማ። የመጥረጊያ እንጨት ጣሪያ ሲመታ ነው። ድምፅሽን ቀንሺ የተባልኩ መስሎኝ ቆም አልኩ።

«ጥፍሩን ንገሪያቸው» አሉ አቶ ዱዴክ ከታች። «የሚያዝያውን። ጥፍሩን አልነገርሻቸውም።»

ነገርኳቸው። ጋዜጠኛው እስኪዘጋብኝ ድረስ ሁሉንም ነገርኳቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ የአቶ ዱዴክ በር ገርበብ ብሏል። ስልክ ላይ ናቸው፤ የቡድኑን ትኬት ቢሮ ሠራተኛ ከነአለቃው፣ አለቃውንም ከነፍራሹ እየሰደቡ ነው። «ሁለቱንም ወንበር» አሉ በመጨረሻ። «እነዚያኑ። አይ፣ ሌላ ቦታ አልፈልግም። አጠገቤ የምትቀመጠዋ ጯሂ ናት፣ ሌላ ቦታ ሰው ትረብሻለች።»

ስልኩን ዘግተው ደረጃው ላይ አዩኝ።

«በሬዲዮ ድምፅሽ ያስጠላል» አሉኝ። «ለሚያዝያ ጓንት ግዢ፣ ባለፈው የእኔን ነው ያጠፋሽው።»

ጓንቱን ገዝቻለሁ። ንዴቴ ግን እስካሁን አልበረደልኝም፤ ዛሬ ማታም እደውላለሁ።