ሂማላያ ሳትሄድ ለቅሶ የተቀመጥኩላት ልጅ

ልጆቹ "እምዬ፣ ያቺን የድንኳኗን ነገር ፖስት አድርጊያት" እያሉ ነዝንዘው ጨረሱኝ። እሺ። ዛሬ አወጣዋለሁ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን ለእኔም ትንሽ እዘኑልኝ።

ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በስተርጅና፣ እዚሁ ስልክ ላይ ነው። ስህተት ካያችሁ እለፉት። ታሪኩ ራሱ በስህተት የተሞላ ነው።

በሕይወት ላለች ልጅ ሙሾ ያወረደ ሰው ታውቃላችሁ?

አሁን አወቃችሁ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የልጄ ልጅ ሜሮን፣ እናቷ ጁባ ንግድ ላይ ስለነበረች፣ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። እሷና እኔ ብቻ። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣

"እምዬ፣ ከቢሮ ልጆች ጋር ሂማላያ ልንሄድ ነው" አለችኝ።

"ምን ልትሠሩ?"

"ልንራመድ።"

"ናይሮቢ መንገድ የለም?"

ሳቀች። ኔፓል በሚባል አገር፣ ዶልፖ የሚሉት ሩቅ ጥግ አለ አለችኝ። መኪና አይደርስበትም። ስልክ አይሠራበትም። አየሩ ሳይቀር ስስ ነው። "ራስ ዳሸን እዛ ቢሄድ ሕፃን ነው፣ እምዬ" አለች፣ በኩራት።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ሰው ከፍሎ አየር ወደሌለበት ይሄዳል?

መንገድ ጠልቼ አይደለም። የእኔስ እግር መች አርፎ ያውቃል። ከሞያሌ ማርሳቢት፣ ከማርሳቢት ኢሲዮሎ፣ ጭነት መኪና ላይ ከፍየል ጋር ተጭኜ፣ ልብስ እየሸጥኩ ነው እዚህ የደረስኩት። እሱን አነሳለሁ ብዬ በገዛ አፌ ተያዝኩ።

"አንቺ ስትሄጂ ማንን አስፈቀድሽ?" አለችኝ።

"እኔ የሄድኩት ለኑሮ ነው።"

"እናትሽ ታዲያ አልፈራችም?"

እናቴን ፈርታ እንደሆነ የጠየቅኳት ቀን የለም።

ከዚያ ዝግጅቱ ተጀመረ። ቦርሳዋን በኡንጋ ፓኬት ትሞላና ደረጃ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ሊፍት እያለ። ጎረቤቶች የበቆሎ ዱቄት የምታከፋፍል መስሏቸው ዋጋ ይጠይቋት ጀመር። ቡት ጫማዋን እግሯ እንዲለምደው ብላ እሱን አድርጋ ወጥ ታማስላለች። ቤቱ በሙሉ ግው ግው ይላል።

ይሄ ሁሉ ያስቃል። የሚቀጥለው አያስቅም።

ስሊፒንግ ባግ የሚሉት የመኝታ ከረጢት መጣ። ሳሎን ምንጣፉ ላይ ዘርግታ ገባችበትና ዚፑን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ዘጋችው። ዓይኗን ጨፈነች። እጆቿ የሉም። እግሯ የለም። ተጠቅልላ፣ ቀጥ ብላ።

ተገንዛ የተኛች ሬሳ መሰለችኝ።

"ውጪ ከዚህ" አልኳት።

"እየሞከርኩት ነው እኮ።"

"እንዲህ ያለ ነገር አይሞከርም።"

ልታጽናናኝ ብላ ደግሞ ባሰችበት። "አትፍሪ እምዬ፣ ብታመም ሄሊኮፕተር መጥቶ ያወርደኛል። ኢንሹራንስ ገብቻለሁ።" ሄሊኮፕተር አስቀድሞ የታሰበለት መንገድ! ከዚያን ቀን ጀምሮ በር ሲዘጋ እደነግጣለሁ። እሷ ፊት እስቃለሁ፣ ስትወጣ ግን ጫማዎቿን ቁጭ ብዬ አያለሁ።

በቤተ ክርስቲያን ለተዋበች ነገርኳት። ተዋበች የማኅበር ጓደኛዬ ናት፤ ለሰው ሁሉ መላ አታጣም።

"ተዋቡ፣ ይቺ ልጅ ልትሞትብኝ ነው።"

"በአፍሽ አታሟርቺ። ለእኛ ተዪው" አለችኝ።

ለእሷ ተውኩት። እኔ ግን ፍርሃቴን መተው አልቻልኩም።

መጨረሻ ላይ ለልምምድ ኬንያ ተራራ ወጡ። እሁድ ለእራት እመለሳለሁ ብላኛለች። ሽሮዋን ሠርቼ ጠበቅኩ። እራት አለፈ። ደወልኩ። ያቺ በስዋሂሊ የምትናገር ሴትዮ "ሀፓቲካኒ" አለችኝ፤ አይገኝም ማለቷ ነው። እንዴት ያለ ቀዝቃዛ ድምፅ አላት። ደግሜ ደወልኩ። ሀፓቲካኒ። ሰው ስለ ሰው እንዲህ ብሎ ይናገራል?

እንዴት እንዳደርኩ አልነግራችሁም።

ሊነጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ እንደማፈር ብሎ።

ከፈትኩ። ተዋበች ቆማለች። አጠገቧ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ጌታሁን። ከኋላቸው ሁለት የማኅበር ሴቶች። ሁሉም ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። አንድም ቃል የሚናገር የለም።

እዚህ አገር ለተወለዳችሁት ልንገራችሁ፦ በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰብና ገና ሳይነጋ ደጃችሁ መጥቶ ዝም ብሎ ይቆማል። አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ "ቁጭ በሉ" ትባላላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን መስማት አያስፈልግም።

አቶ ጌታሁን ጉሮሮውን ጠረገ።

ተዋበች ክንዴን ያዝ አድርጋ "እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በዪ" አለችኝ።

ቁጭ አላልኩም። ወደቅኩ።

ከእኔ የወጣው ድምፅ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የኪሌሌሽዋ ውሾች በሙሉ መለሱልኝ። ደረቴን መታሁ፣ ሻሼን ጣልኩ፣ አፌ ሳላዘው ማውረድ ጀመረ፦

ተራራው ምን አላት፣ ምን አዳመጠችው፣
ቤት ሙሉ ሰው ትታ፣ በረዶ አቀፈችው።

አሁን እነሱ ለምን እንደመጡ ልንገራችሁ።

ኪዳን አድርሰው፣ ሜሮን ሥራ ሳትሄድ እንዲደርሱባት ብለው፣ ጸበል ይዘው ሊመርቋት ነበር የመጡት። በቃ። ተዋበች "ለእኛ ተዪው" ያለችው ይሄንን ነው። ዝም ያሉት ታች ያለው ዘበኛ፣ እዚህ አስካሪ የሚሉት፣ "ሰው ተኝቷል፣ እንዳትንጫጩ" ስላላቸው ነው። አቶ ጌታሁንን ጉንፋን ይዞታል። ተዋበች ቁጭ በዪ ያለችኝ ፊቴ አመድ መስሎ ብታየው ነው።

ታዲያ ለምን አላስቆሙኝም? አትሉም?

መርዶው በስልክ ቀድሞ የደረሰኝ መሰላቸዋ! ደረት የምትመታን ሴት "እርግጠኛ ነሽ?" ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ነውር ነው። ስለዚህ እነሱም አለቀሱ። ተዋበች ከእኔ በላይ አለቀሰች። እኔ ደግሞ የእነሱን ልቅሶ አይቼ "በቃ፣ እውነት ነው" አልኩ። እኔ በእነሱ፣ እነሱ በእኔ እየተማመንን ልጅቷን ገደልናት።

አቶ ጌታሁን ሥራውን ያውቃል። እንባውን ጠርጎ ሰገነት ላይ ወጣና ስልክ ደወለ። "ድንኳኑን አውጡት። ወንበሩንም። አዎ፣ አሁኑኑ።"

ፀሐይ ሞቅ ስትል የመኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን ቆሟል። ኬንያዊቷ ጎረቤታችን በፔርሙስ ሻይ ይዛ መጥታ "ፖሌ ሳና፣ ሾሾ"፣ በጣም አዝናለሁ አያቴ፣ እያለች ጀርባዬን ታሻለች። ባለፈው ሳምንት "ደረጃውን በቡቷ አቆሸሸችው" ብላ ሜሮንን የከሰሰቻት ሐበሻ ጎረቤት ደግሞ "እንደሷ ያለ ንጹሕ ልጅ የት ይገኛል" እያለች ታነባለች።

በዚህ መሀል ታክሲ ከበሩ ቆመ።

የወረደችው ልጅ ፀሐይ አፍንጫዋን ልጦታል፤ ኮፍያዋ እስከ ዓይኗ ወርዷል፤ ቡቷ ጭቃ ብቻ ነው። የጠዋት ተረኛው አስካሪ አዲስ ነው፣ አያውቃትም። ድንኳኑን አይታ እኔ የሞትኩ መሰላት። "ማን ነው የሞተው?" አለችው።

"ፖሌ፣ ማዳም። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ልጅ ናት። ሜሮን የምትባል። ተራራ ገደላት።"

የራሷን መርዶ እንዲህ ተረዳች። በስዋሂሊ፣ በቁሟ።

ሮጣ ደረጃውን ወጣች። እኔ ሙሾውን እየደገምኩ ነበር። ቀና ስል በር ላይ ቆማለች፣ ያንን ትልቅ ቦርሳ እንዳዘለች።

"እምዬ" አለች። "ምን ሆናችኋል?"

ከዚያ ተዋበች "በስመ አብ!" ብላ የያዘችውን የጸበል ጀሪካን ሙሉውን ደፋችባት። ሙሉውን።

ልጄ ከፀጉሯ እስከ ቡቷ ውሃ እየተንጠባጠበች፣ "እትዬ ተዋቡ፣ በብርድ ሞቼ ነው የመጣሁት፣ ደግሞ ውሃ?" አለች።

መንፈስ እንዲህ አያማርርም። ያኔ ነው ያመንኩት። ያዝኳት፣ ዳሰስኳት፣ አፍንጫዋን፣ ጆሮዋን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ። ከዚያ ደግሞ በጥፊ ልላት ቃጣኝ። "የት ነበርሽ?"

"መኪናው ተበላሽቶ ተራራው ግርጌ፣ ናንዩኪ ከተማ አደርን። ስልኬ ቻርጅ ጨረሰ።"

አቶ ጌታሁን ድንኳኑን በመስኮት አየት አደረገና "እንግዲህ አንዴ ተተክሏል" አለ። ለቅሶ የመጣ ሰው ሳይበላ አይሄድም፤ ንፍሮው ደርሷል፣ ሽሮው አለ። ሟቿ ራሷ እያስተናገደች በሉ። ሰው ሁሉ ተሳሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የዛሬው ልምምዱ ነው፣ ዋናው ገና ነው እያልኩ ዋልኩ።

እንዲህ አይታኝ ትቀራለች ብዬ ትንሽ ተስፋ አድርጌ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ሰዉ ሲበተን አጠገቤ ቁጭ ብላ ቡቷን መጥረግ ያዘች።

"እሄዳለሁ፣ እምዬ" አለችኝ።

ዕንባዬን በአንድ ጠዋት ጨርሼዋለሁ። "በይ ሂጂ" አልኳት።

ሄደች። ሀፓቲካኒ ከምትለው ሴትዮ ጋር ያን ጊዜ ተላመድን። ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በሩን የምከፍተው ግማሽ ነበር፤ በጠባቡ አጮልቄ ነጠላ ለብሰው እንደሆነ እያየሁ። ተዋበችም ገብቷት፣ ስትመጣ ገና ከደረጃው ላይ "ደህና ነው! ደህና ነው!" እያለች ነበር የምትወጣው።

ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ከስታ፣ ግን በእግሯ ተመልሳ መጣችልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን ሜሮን ላቪንግተን ሰፈር ነው ቤቷ፣ የራሷ ልጅ አላት። በቀደም ልጅቷ ሶፋ ላይ ስትንጠላጠል እናቲቱ ጮኻ ልትሞት። እኔ ሳቅኩባት። እሷም ሳቀችና "እምዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ?" አለች።

ለካ መኪናው አልተበላሸም ነበር። ተራራው ወገብ ላይ ራሷን አሟት፣ አስመልሷት፣ ከጓደኞቿ ተለይታ ወርዳለች። ናንዩኪ አንድ ክፍል ይዛ፣ ስልኳን ራሷ ዘግታ፣ ስታለቅስ አድራለች። ፈርታለች። ሂማላያው ይቅርብኝ ብላ ቆርጣ ነበር ያን ጠዋት ቤት የመጣችው። "እምዬ፣ ቀርቻለሁ" ልትለኝ።

"ታዲያ ምን አስኬደሽ?" አልኳት።

"ድንኳን ተተክሎ፣ እድር ወጥቶ፣ ያ ሁሉ ሰው አልቅሶልኝ፣ በምን ዓይኔ ልቅር? ሰው ምን ይለኛል?"