የቤት ቁጥር አሥራ ሁለት ሴትዮ

ስለ ሴቶች የሥራ ጫና የሚያጠና ሰው ሁሉ የገዛ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ ነው የሚገባው! አትቆጡኝ፣ ማንንም አልሰደብኩም፤ ስለ ራሴ ነው የማወራው። የሶሲዮሎጂ ሰው ነኝ። እንጀራዬ ባልና ሚስት ቤት ውስጥ ሥራ እንዴት እንደሚካፈሉ መጻፍ ነው። የጎረቤት ባል ልብስ ሲያሰጣ ካየሁ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣለሁ። የገዛ ባሌ ግን... ቆይ፣ እሱ ጋ እንደርሳለን።

ሰሞኑን የያዝኩት ጥናት እንዲህ ነበር። ከሰበታ አራት ቤት፣ ከቡራዩ አራት፣ ከሱሉልታ አራት፣ በድምሩ አሥራ ሁለት። ለየቤቱ አንድ ፎርም ይሰጣል። የሰው ገበና እንዳይወጣ ስም አይጻፍበትም፣ የቤት ቁጥር ብቻ። የሚሞላው ደግሞ ባልም ሚስትም ሳይሆኑ የቤቱ ሦስተኛ ሰው ነው። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ይዋሻላ! ሦስተኛው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ማን፣ ምን፣ በስንት ሰዓት እንደሠራ እያየ ይጽፋል። ይህን ዘዴ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስኮራበት ብታዩኝ!

አሥራ አንዱ ቤት በሰላም ተጠናቀቀ። አሥራ ሁለተኛው፣ የሱሉልታው፣ ቤታቸውን ቆልፈው ሠርግ ሄደዋል። ፎርሙን በበራቸው ሥር አሾልኬ፣ ትርፍ ኮፒውን ይዤ ወደ ቤቴ ወደ ቡራዩ ተመለስኩ። ጥናቱን በተጠኚዎቹ ፊት የማቀርበው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። አሥራ ሁለት ብዬ ፈርሜ አሥራ አንድ ይዤ ብቀርብ ጥናቱ ውድቅ፣ ቀጣዩም ሥራ ለሌላ ሰው! "አለቀልኝ" እያልኩ ኮፒውን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ስነጫነጭ ሰነበትኩ።

አማቴን ላስተዋውቃችሁ። አዴ ጫልቱ የባሌ የግርማ እናት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገፈርሳ ዳር በእርሻ ኖረው አሁን ከእኛ ጋር ናቸው። ያን ሳምንት ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ከአጠገቤ አልጠፋ አሉ። ሽንኩርት ልከትፍ ቢላ አነሳለሁ፤

"ኢንታለ ኮ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?"

"አሥራ ሁለት ተኩል ነው፣ አዴ።"

"ኤዬ፣ እሺ" ይሉና ወደ ምግብ ጠረጴዛው ይመለሳሉ።

"ኢንታለ ኮ" ልጄ ማለታቸው ነው፤ አጠራሩስ ማር ነው። ግን ልብስ ስዘፈዝፍ "ስንት ሰዓት ሆነ?" የልጆቹን ዩኒፎርም ስተኩስ "ስንት ሰዓት ሆነ?" እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ራት ዘገየ ማለታቸው ነው! ልጄን በረሃብ ገደለችው ማለታቸው ነው! እርር ድብን አልኩ። ማታ ለግርማ፣

"እናትህ ሰዓት ይዘውብኛል!" ስለው፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ኳስ ሳይነቅል፣

"ሰዓት ግዢላታ" አለኝ።

ረቡዕ ጠዋት አዴ ጫልቱ ፎርም ቁጥር አሥራ ሁለትን ግጥም ብሎ ተሞልቶ እጄ ላይ አኖሩት። "ወረቀትሽ ሞላ" አሉ። የሱሉልታዎቹ ከሠርጉ ተመልሰው የላኩት መስሎኝ ዘልዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ማን አመጣው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም... ምሁር ነኛ!

ጊዜ ስላልነበረኝ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አነበብኩ። ደሜ ፈላ። ይቺ ሴትዮ ምን አዙሮባት ነው? ቁጭ ብዬ መደምደሚያዬን ጻፍኩ፤ "የቤት ቁጥር አሥራ ሁለት ሴት ጫናውን እንደ ተፈጥሮ ሕግ የተቀበለች፣ መብቷን የማታውቅ ናት። አስቸኳይ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ያስፈልጋታል።"

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ገበሬው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ሁሉም አለ። ግርማ ፕሮጀክተሩን ተሸክሞልኝ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አዴ ጫልቱም "ሥራሽን ልየው" ብለው አጠገቡ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ማንበብ ጀመርኩ።

"አሥራ ሁለት ተኩል። ሴትየዋ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ቢላ አነሳች። ባል ሪሞት ፈለገ።"

ሳቅ።

"አንድ ሰዓት። ሴትየዋ ሪሞቱን አገኘችለት። ባል አመሰገነ። ቅዳሜ ውሃ መጣ። ሴትየዋ ሁለት በርሜል ሞላች። ባል 'አይዞሽ' አለ።"

"ኧረ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ባል ነው!" ብሎ የጮኸው ማን መሰላችሁ? የኔው ግርማ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እንዲህ የሚቆረቆር ባል ለስንቷ ሴት ይገኛል ብዬ መደምደሚያዬን ከነሥልጠናው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት።

ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ የገፈርሳ ገበሬ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

"ዋቀዮ! ልጄ፣ ይሄ ቤት የቱ ነው? ሽማግሌ እንላክ!"

"ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምስጢር ነው፣ ስም አይወጣም።"

ይሄኔ አዴ ጫልቱ እጃቸውን አወጡ። "ሁለተኛውን ገጽ አላነበብሽም" አሉ።

ገለበጥኩ። "ማክሰኞ ጠዋት። ባል ካልሲ ጠፋበት። ሴትየዋ 'እኔ የካልሲ ፖሊስ ነኝ እንዴ!' ብላ ጮኸች። ካልሲውን ግን አገኘችው።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ክው አልኩ። ማክሰኞ ጠዋት... የካልሲ ፖሊስ... ይህን ቃል በዓለም ላይ የምትናገር አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ እሷም ማይክ ይዛ ቆማለች! ዞር ብዬ ግርማን አየሁት። መሳቁን አቁሞ እግሩን ያያል።

መብቷን የማታውቀው... ሥልጠና የሚያስፈልጋት... ለካ እኔው ነኝ! ግን አይዞሽ አልኩ ለራሴ፤ ፎርሙ ላይ ስም የለ! ያቺ የኮራሁባት ቁጥር ከጉድ ታወጣኛለች። ፈገግ ብዬ ቆምኩ። ጥናቱን ካዘዘኝ መሥሪያ ቤት መጥታ ስብሰባውን የምትመራው ሴትዮ ግን ነገሩ አንጀቷን በልቶታል።

"እቺን ሴት ዝም ማለት የለብንም። ሥልጠናው የፊታችን ቅዳሜ ይሁን፣ አሠልጣኟም አንቺ ነሽ። ይመችሻል?"

"ቅዳሜማ አይሆንም!" አልኩ ሳላስበው። "ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው፤ በርሜሉን ማን ይሞላል?"

የሰው ሁሉ ዓይን ከእኔ ወደ ግርማ ዞረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ አልነግራችሁም። ኦቦ ቶሎሳ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "በሉ አጽድቁላት፣ እንዲህ በዓይን የታየ ጥናት ከየት ይመጣል!" አሉ። ሰብሳቢዋም ከሱሉልታ ሦስት፣ ከቡራዩ አምስት ብለሽ አስተካክለሽ ጻፊው ብላ አሳለፈችልኝ።

"አዴ፣ ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ?" አልኳቸው እፍረቴ ሲበርድልኝ።

"ብነግርሽ አትሰሚም፤ የምታምኚው ወረቀት ነው" አሉ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። "እኔም ዕድሜዬን እንዲሁ ሠራሁ፣ ኢንታለ ኮ። አንድም ሰው ስንት ሰዓት ሆነ ብሎ አልጻፈልኝም።"

እዚያው አለቀስኩ። ሰዓት ያዙብኝ ብዬ ሳማቸው የከረምኩት ሴትዮ ለእኔ ነበር የሚጽፉት! ግርማም ተነሥቶ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ "በርሜሉን... እኔ እሞላለሁ" አለ። ተጨበጨበለት። ለእኔ ስንት ዓመት ማን አጨበጨበ?

ቅዳሜ ሥልጠናው ተካሄደ። አሠልጣኝ እኔ፣ ሠልጣኝ እኔ፤ ሰብሳቢዋ ፊት ቁጭ ብዬ ራሴን ሳነቃ ዋልኩ። ማታ ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ በአዴ ጫልቱ ድቡልቡል ጽሕፈት አዲስ ፎርም ተሞልቶ ጠበቀኝ።

"ቅዳሜ። ውሃ መጣ። ባል ባልዲ ፈለገ። የት ነው ብሎ ለሴትየዋ አራት ጊዜ ደወለ። ሁለት በርሜል ሞላ። ወገቤን አለ።"

መጨረሻው ላይ አንድ ባዶ መስመር ተትቶልኛል። እስክሪብቶ አነሳሁና ሞላሁት።

"ሴትየዋ 'አይዞህ' አለች።"