እትዬና የቲነሬ ጣሳ

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ማታ በስልኩ የተማረውን ጠዋት ለሌላው ካላስተማረ ቁርስ የማይወርድለት። የእኛዋ ታላቅ እህቴ ናት። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ስትሠራ ኬሚስትሪን የምታውቀው ፈተናውን በመተየብ ብቻ ነበር። ጡረታ በወጣች በወሩ ግን «አረንጓዴ ኬሚስትሪ ኬሚስት ላልሆኑ» የሚል የኦንላይን ኮርስ ጀመረች፤ ክብርት ሊቀ ሊቃውንት ሆና አረፈችው።

ከዚያ ወዲህ ማን ሰላም አለው? ባለቤቴ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ አንድ ባልዲ ውስጥ ልትቀላቅል ስትል ባልዲውን ነጠቀቻት። (እዚህ ላይ እውነቷን ነው፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።) ፀጉር ሠሪዋ ዘንድ ሄዳ ደግሞ የቀለሙን ጠርሙስ ጀርባ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስታነብ፣ ደንበኞቹ ፎጣቸውን እንደጠመጠሙ ይሰሟታል። መዝጊያዋ አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ካላቆሸሽሽ፣ ማጽዳት የለብሽም!»

ችግሩ፣ ኮርሱን ለመጨረስ በአንድ የሥራ ቦታ ላይ እውነተኛ ለውጥ ማሳየት ነበረባት። ያለዚያ ምስክር ወረቀት የለም። የማንን መረጠች? የእኔን፣ የቫርኒሽ ቀቢውን።

«ቫርኒሹን የምታቀጥንበትን ቲነር ተወውና በውሃ የሚቀጥነውን ቀባ።»

«እትዬ፣ እኔ እንጨት ነው የምቀባው፣ ሪፖርት አይደለም።»

«እኔን ልትጥለኝ ነው አንተ?»

እሺ ብዬ አንድ ጠረጴዛ ቀባሁላት። ሲደርቅ ያልተላጨ ጉንጭ መሰለ። በእጇ ዳበሰችው፤ ፊቷ ጠቆረ። «ይሄ ኮርሱ ላይ የለም» አለች። ከተወለድኩ ጀምሮ «አላውቅም» የሚመስል ነገር ስትል የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

አንጀቴን በላችው። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ፀጉሩ እንደሚቆም፣ ከመጀመሪያው ቅብ በኋላ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ተፈትጎ እንደሚደገም አሳየኋት። የወረቀቱን ቁጥር ሳይቀር ጻፈች። ከዚያ በኋላ ሥራዬን ሁሉ በውሃው ቫርኒሽ ቀጠልኩ።

በወሩ ለኮርሱ ልትቀርጸኝ ስልኳን ደቅና መጣች። «ምን ለውጥ አየህ? በአጭሩ!»

ላሾፍባት ተዘጋጅቼ ነበር። አፌ ግን ሌላ አወጣ፦ «ሃያ ዓመት ሙሉ ከሥራ ስወጣ ራሴን ያመኝ ነበር። የሙያው ነው ብዬ ተሸክሜው ኖርኩ። ይኸው ሦስት ሳምንት፣ የለም።»

ስልኩን አወረደች። እሷ!

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ አስተነፈስሽኝ?»

ኮርሱን አለፈች። ምስክር ወረቀቱን የሰቀለችው እኔ ሱቅ ውስጥ፣ የቲነሩ ጣሳ ይቀመጥበት ከነበረው መደርደሪያ በላይ ነው። አሁን ደግሞ ስለ ፕላስቲክ ኮርስ ጀምራለች፤ እግዜር ይሁነን። መስኮቱ ሥር ወንበር ሠርቼላታለሁ፤ በውሃው ቫርኒሽ የተቀባ፣ ቀሚሷን እንዳይዝባት ሁለቴ የተፈተገ።