ግድግዳ ያለፈ ሳቅ

ጠበቃ ያገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እዚያ ቤት ያለ ማስረጃ ወሬ አይገባም። የእኔዋ ክብርት ጠበቃ ደግሞ ከሁሉም የባሰች ናት። "ሾርባው ጨው በዝቶበታል" ስላት "ከምን አንጻር?" ትለኛለች። አውቶቡስ ውስጥ ትኬት ቆራጩ "ሞልቷል" ካለ አንገቷን አስግጋ ወንበር ትቆጥራለች። እናቴ "ልጄ ከስቷል" ስትል "እማማ፣ መቼ መዝነውት ነው?" ብላ መስቀለኛ ጥያቄ ትጀምራለች። እናቴ ትወዳታለች፤ ግን እሷ ፊት ቃሏን መርጣ ነው የምትናገረው።

ጠበቃ ሁሉ የሸሸውን መዝገብ የያዘችው እንግዲህ ይህችው ሴት ናት። ተከሳሾቹ ሁለት ወንዶች ናቸው፤ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ አንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ወንጀላቸው ተፋቅረው እንደ ባልና ሚስት አብረው ይኖራሉ መባሉ ነው። ከተፈረደባቸው ለዓመታት ይታሰራሉ። ዘመድ ሁሉ እኔ ዘንድ እየመጣ "ምነው ዝም አልካት?" ይለኝ ጀመር። ኧረ እሷን ዝም ያሰኘ ሰው ካለ አሳዩኝ።

የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆና የቀረበችው የጎረቤታቸው ሴትዮ ነበረች።

"ምን አዩ?" አለቻት ባለቤቴ።

"አላየሁም። እሰማለሁ እንጂ።"

"ምን ይሰማሉ?"

"ሲስቁ ነዋ። ከግድግዳው ወዲያ ሁልጊዜ እንደተሳሳቁ ነው። ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ አይስቁም።"

ባለቤቴ መነጽሯን አወለቀች። "እርስዎ ከባለቤትዎ ጋር መቼ ነው የሳቁት?"

ዐቃቤ ሕጉ ተቃወመ። ዳኛው ግን "ምስክር ትመልስ" አሉ፤ እሳቸውም መልሱን ለማወቅ የጓጉ ይመስሉ ነበር። ሴትዮዋ ብዙ አሰበች። በመጨረሻ "እኔ እንጃ እቴ" አለች። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ባሏ አንገቱን ደፋ።

"ክቡር ዳኛ፣ ሳቅን የሚከለክለው አንቀጽ ስንተኛው ነው?"

ዳኛው ሌላ ማስረጃ ጠየቁ፤ አልነበረም። ሁለቱም በነጻ ተሰናበቱ። ሕጉ እንዳለ ነው፤ ነገም ሌላ ሰው ይከሰስበታል። ያን ዕለት ግን ደስታችን ልክ አልነበረውም።

ደጅ ስንወጣ ልብስ ሰፊው ቀረብ ብሎ "እንግዲህ ቤታችን ስንገባ ድምፃችንን ቀንሰን እንሳቅ?" ሲል ጠየቃት።

"እንዲህ ያለ ትእዛዝ ውሳኔው ላይ አላነበብኩም" አለችው ኮስተር ብላ። ሁለቱም እዚያው ደረጃው ላይ በሳቅ ፈነዱ።

መኪና ውስጥ እንደገባን አለቀሰች። ሆነ ብዬ ረጅሙን መንገድ ያዝኩ።

"ተሳስተሃል፤ በዚህ አይደለም" አለችኝ እንባዋን እየጠረገች።

እስከ ቤት ድረስ ተከራከርን። እንዲያ ደስ ብሎኝ ተረትቼ አላውቅም።