በዶሮ ላባ የተሠራችው ዝንብ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ፤ ከዚያ ፀሐይ ውጡ። የባል ሙያ መቼ ይታወቃል? ሰው ሲቸገር ነው እንጂ በደህናው ቀንማ ሁሉም ባል ኮቱን ሰቅሎ ራቱን የሚጠብቅ ነው።

ነሐሴ ነበር፣ በጃንሆይ ጊዜ። ከደጋ የወረደው ጎርፍ የጅቡቲን ሐዲድ ቆርጦት በባቡር የሚመጣው ዓሣ ቀረ። ይቅራ፣ ማን ይሞታል? እንዳልል፣ መጋላ ሰፈር ያለችው ጓደኛዬ ፋጡማ ነፍሰ ጡር ናት፤ ያማራት ደግሞ ዓሣ። የፊተኛው ፅንስ ወርዶባታል። አምሮቷ ካልወጣላት ይሄኛውም እንዳይከተል ፈራን። እሷ እቴ፣ "አቦ፣ ሌላ ምግብ አታሳዩኝ!" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ባሌ ተሰማ የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነው። ከፈረንሳይ አለቃው የተማራት ጥበብ ነበረችው፤ ሐሰተኛ ዝንብ ሠርቶ ዓሣ ማታለል። ወንዝ ዳር ከድንጋይ ሥር የምትወጣ፣ ክንፏን ጀርባዋ ላይ አጥፋ የምትቀመጥ አንዲት ዝንብ አለች፤ ዓሣ ነፍሱን ይሰጥላታል። ተሰማ መንጠቆውን በብረት መቆንጠጫው፣ በሞርሳ ጠፍሮ ያዘና ቢጫ ክር ጠመጠመበት። ከቀይ አውራ ዶሮዬ አንገት ላባ ነቅሎ እግር አወጣላት (ዶሮው ከዚያ ወዲህ ተሰማን ሲያይ ይሸሽ ነበር)፤ በፍየል ጠጉር ክንፍ አለበሳት። እጁን ሊታጠብ ወጣ ሲል እኔ ገብቼ፣ ጠረጴዛው ላይ ባያት የእውነት ዝንብ መስላኝ በነጠላ ጫማ ደፈጠጥኳት! ይቆጣል ስል ሳቀ፤ አንቺን ካታለለች ዓሣውማ ምን አቅም አለው አለኝና እንደገና ሠራት።

በማግስቱ ሐዲዱ ባልተቆረጠበት በኩል በባቡር ኤረር ወንዝ ወረድን። ይህቺ ዝንብ ውሃው ላይ መንሳፈፍ አለባት። ወረወራት፤ ሰጠመች። አውጥቶ እፍ እፍ አላት፤ አሁንም ሰጠመች። አለቃዬ ቅባት ይቀባት ነበር አለኝ ተክዞ። ቅባት በዚህ በረሃ ከየት ይመጣል? የመመለሻው ባቡር ሊደርስ ነው። እኔ ደግሞ ጠዋት ራሴን ቅቤ ተቀብቼ ነበር፤ ቀልጦ አንገቴ ላይ ይወርዳል። ከጠጉሬ በጣቴ ጠረግ አድርጌ ዝንቧን አሸኋት። ተሰማ አፉን ከፈተ። ሲወረውራት፣ ወይ ግሩም! እንደ ወይዘሮ ቀጥ ብላ ተንሳፈፈች። ዓሣው ከሥር ብቅ ብሎ ዋጣት። እልልታዬን ጣቢያ ድረስ ሰምተውታል።

ፋጡማ ሥጋ ቢሆን ክርስቲያን ያረደውን አትነካም፤ ዓሣ ግን ቢላ አይጠብቅም፣ ጠብሳ እስከ ጭንቅላቱ ጨረሰችው። ወላሂ ቅቤሽ ቅቤሽ ይለኛል ብላ አሾፈችብኝ።

ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቷም አድጋ ጅቡቲ አገባች። ፋጡማ መጋላ ኖራ እዚያው አረፈች። ተሰማ ጡረታ ወጥቶ ኤረር ሲመላለስ ኖሮ፣ እሱም አረፈ፤ አገሩ ሁሉ እጁን ሲያደንቅ የእኔን ራስ ያነሳ የለም። እኔማ ዓሣ ቀምሼ አላውቅም፤ አጥንቱን እፈራለሁ።