የደጋ እመቤቶች በሮቢት ፀሐይ

ሰው ለልጁ ሚስት ሲያጭ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ በሬ ሲገዛ አፉን ከፍቶ ጥርስ ይቆጥራል። ዶሮ ሲገዛስ? አንጠልጥሎ ክብደቷን ይመዝናል፣ የደረቷን ላባ እፍ ብሎ ገልጦ ያያል፣ ከዚያ «ስታምር» ብሎ ይገዛታል። ላባ ይበላል እንዴ? እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ በዶሮ ነገር ግን ከኔ የሚበልጥ በሸዋ ሮቢት አልተፈለፈለም እል ነበር። እል ነበር ነው ያልኩት።

ባለቤቴ አስካለ ሰባት ዶሮዎች አሏት። እንዲሁ የተገኙ ሰባት አይደሉም። ከሁለት ክረምት በፊት ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ገብቶ ግቢያችንን ሲያጸዳው አንዲት ገብስማ ብቻ ተረፈች፤ እነዚህ የሷ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። አስካለ እያንዳንዳቸውን በስም እየጠራች ወደ ቆጥ ታስገባቸዋለች፤ እኔን በስሜ ከጠራችኝ ግን ዓመት አልፎኛል። ዘንድሮ ሦስት ሴት ዶሮ እንጨምር ተባለና ምርጫው ለኔ ተሰጠ። ማስጠንቀቂያም ታከለበት፤ በሽተኛ አምጥተህ ሰባቱን ብታስጨርስብኝ ስምንተኛ ሆነህ ትወጣለህ አለችኝ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ግሩም ዶሮዎች አሏቸው። አንገተ መላጣ የሚባሉት ናቸው፤ አንገታቸው ላይ አንዲት ላባ የለም፣ ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ እነሱ አፈር ይጭራሉ። ሦስቱን ውሰድ፣ አገሩን የለመዱ ናቸው ብለውኝ ነበር። በየትኛው ፊቴ ልውሰድ? አምና እንደ ንጉሥ በምቀመጥበት ማንጎዬ ጥላ ስር፣ መንደሩ በተሰበሰበበት፣ «እትዬ፣ ዶሮዎችዎን ፀጉር ቤት የወሰደልዎ ማን ነው? ለአንገት ብቻ ነው እንዴ የከፈሉት?» ብዬ ሰዉን በሳቅ ጨርሼዋለሁ። እሳቸው አልሳቁም። ወላሂ መልሱን እኔ አልሰጥህም፣ ሙቀቱ ይሰጥሃል ብለው ሻርፓቸውን አስተካክለው ሄዱ። ታዲያ እነዚያኑ መላጦች ታቅፌ ልግባ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የኔ ቃል ግን ብቻውን አልወጣም፤ እኔንም ጎትቶ ጣርማ በር አፋፍ ድረስ አወጣኝ።

ከጣርማ በር ወዲያ፣ ደጋው ገበያ ላይ፣ ሦስት እመቤቶች አገኘሁ። ላባቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ይወርዳል፤ ጋቢ ደርበው ለሽምግልና የተቀመጡ ይመስላሉ። ዓይናቸው ጥርት ያለ፣ አናታቸው ላይ ያለው ኩክኔ የበርበሬ ቀለም፣ አፍንጫቸው ደረቅ። ምርመራዬን አትሙ፤ የጎደለው ሌላ ነው። ሻጩ፣ እነዚህን ውርጭ አይነካቸውም ሲለኝ ደስ አለኝ። ሮቢት ውርጭን በወሬ እንኳ እንደማታውቀው ያን ጊዜ ማን ያስታውሰኝ?

ስንመለስ ሚኒባሱ የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሲገባ እመቤቶቹ መሸ ብለው አንቀላፉ፤ ሲወጣ ነጋ ብለው ነቁ። አንዷማ ቀን ያለፈባት መስሏት ጭኔ ላይ እንቁላል ጣለች። ያላመነ ሱሪዬን ይጠይቅ።

ቤት ስደርስ አስካለ አዲስ ዶሮ ከነባር ጋር አይቀላቀልም አለች። ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆያል፤ ክትባት የምትሰጠው ባለሙያ ናት ያስተማረቻት። የት ይቆዩ? ከማንጎው ጥላ ስር፣ ከዙፋኔ ላይ። በእንጨት አጠረችላቸው፤ እኔ ፀሐይ ላይ ቀረሁ። ሥልጣን እንዲህ ነው የሚወሰደው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ጉዴ ፈላ። እመቤቶቹ ምንቃራቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፣ ክንፋቸውን ጥለዋል፣ እህል አይነኩም፤ ውሃውን ብቻ ሲጠጡት የሮቢ ወንዝ እንዳይደርቅ ፈራሁ። አጥር ላይ የተንጠለጠለ ሁሉ ፈንግል ነው አለ። አስካለ ሰባቱን ቤት አስገብታ ዘጋችና ጋቢዬን በደንብ አጥፋ በሩ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጋቢ ሲታጠፍ ትርጉሙ የማይገባው ባል አለ?

ባለሙያዋ ተጠርታ መጣች። አንገታቸውን አየች፣ ፈንግል እንደያዘው ዶሮ አልተጠመዘዘም፤ ኩሳቸውን አየች፣ ደህና ነው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ጋሼ፣ ዶሮዎቹ ጤነኞች ናቸው፣ ለዚህ አገር ግን ጤነኛ አይደሉም አለችኝ። ጋቢ ለብሰው ቆላ ወርደዋል፤ ካልቀዘቀዙ እስከ ነገም አይቆዩም። ዘር ሲመረጥ ኩክኔ ብቻ ሳይሆን ፀሐይም ይታያል ብላኝ ሄደች።

ሰፌድ አንስቼ አራግብላቸው ጀመር። ንጉሥ ነኝ ያልኩት ሰውዬ የሦስት ዶሮ ደንገጡር ሆንኩ። ስታገል ባርኔጣዬ ወደቀ፤ ነፋስ ሽው አለ፤ ከመላ አካሌ መጀመሪያ የቀዘቀዘው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? መላጣዬ። አዎ፣ መላጣ ነኝ፤ እስካሁን ያልነገርኳችሁ ስላልጠየቃችሁኝ ነው። የእትዬ ዘሀራ ዶሮዎች ምስጢር የገባኝ ያኔ ነው። የአስካለን መቀስ አመጣሁና የሦስቱንም አንገት ከጭንቅላት እስከ ትከሻ ከረከምኩት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዷ ማሽላ ለቀመች። በሦስተኛው ቀን እንቁላል ተጣለ። ጋቢዬም ተዘርግቶ አልጋዬ ላይ ተገኘ። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ከሰባቱ ጋር ተቀላቀሉ፣ አንድም አላስነጠሰም።

እትዬ ዘሀራ ይህን ሰምተው መንደሩን አስከትለው መጡ። ዶሮዎቼን አዩ፣ መቀሱን አዩ፣ ባርኔጣዬን አዩ። እኔም ቀድሜ፣ እትዬ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። የኔዎቹን አላህ ነው የላጫቸው፣ አንተ ግን ለአንገት ብቻ ስንት ታስከፍላለህ? አሉኝ። መንደሩ በሳቅ ወደቀ፤ ማንጎው ራሱ ሁለት ፍሬ ጣለ። ሲበቃቸው ከሻርፓቸው ስር አንድ አንገተ መላጣ አውራ ዶሮ አውጥተው ሰጡኝ፤ ለሚመጡት ጫጩቶች መቀስ እንዳትቸገር ብለው።

ጫጩቶቹ አሁን አድገዋል፤ ግማሾቹ መላጣ ናቸው። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ፣ ሲያምሩ፣ ዘራቸው ከየት ነው ይላል። አስካለ መልሱን ለኔ ትታ አታውቅም። እናታቸው የደጋ፣ አባታቸው ባሌ ትላለች።